የአባባ የጀርመን ቴምብሮች

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቴምብሮቹን ዛሬ ጀመርኩ። ዘጠኝ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ሦስት አልበም፣ አንድ የጫማ ካርቶን። ሁሉም የጀርመን። አባባ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረበት ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚህ ውስጥ ተከቷል።

ስትሮኩ ግራ ጎኑን ሽባ ካደረገው አምስተኛ ወሩ። ምላሱ ተመልሶለታል። ቀኝ እጁም ደህና ነው… ከበቂ በላይ ደህና ነው። "ሳልሞት በየዘመናቸው ተሰድረው ልያቸው" አለ። ከላብራቶሪ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ መጣሁ። ሌላ ማን አለው?

መጀመሪያ በጽሑፋቸው ለየሁ። "ዶይቸስ ራይሽ" የሚሉት የድሮዎቹ ለብቻ፣ "ቡንደስፖስት" የሚሉት የምዕራቡ ለብቻ፣ የምሥራቁ ክፍል ለብቻ። አንዱን በጣቴ አነሳሁት። ከዘራው ክንዴ ላይ አረፈ። ሲመጣ እንኳ አላየሁትም።

"በወረንጦ!"

"እሺ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

አርባ አራት ዓመቴ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ግን እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ክንዴ ጠቁሯል። እጅጌው ረጅም ሹራብ ለበስኩ። ማን እንዳያየው ብዬ? ቤት ውስጥ ያለነው ሁለት ሰዎች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ዛሬ ሙሉ ቀን ገርማንያን ስለይ ዋልኩ። ዘውድ የደፋች፣ ደረቷ ላይ ብረት የለበሰች፣ ቴምብሩ ላይ የተሳለች ሴት ናት። አራት መቶ ያህል አሉ፣ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ልዩነታቸው ያለው ወረቀቱ ውስጥ ነው። ጥቁር ሳህን ላይ በፊቷ ደፍቼ ጀርባዋ ላይ ቤንዚን ጠብ ሳደርግ፣ የተደበቀው ምልክት ለአፍታ ብቅ ይላል። አንዳንዷ ምንም የላትም። እነዚያ የቀደሙት ናቸው።

ስሠራ አባባ ቆሞ… ተቀምጦ ማለቴ ነው፣ ሲያየኝ ቆየ። "እጅሽ ጥሩ ነው" አለ።

እንባዬ መጣ። በአንዲት ቃል! በራሴ አፈርኩ።

ይቺው ሴትዮ ናት የወንድሜን ጆሮ የበላችው። ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንዷን ገርማንያ በምራቁ አርጥቦ የትምህርት ቤት ደብተሩ ላይ ለጠፋት። አባባ ሲያያት አንድ ጥፊ ብቻ ነው የመታው። ግራ ጆሮው ደማ፣ ከዚያ ወዲህ አይሰማበትም። ስሙም በዚያው "ደንቆሮው" ሆኖ ቀረ። ያወጣለት እሱ ራሱ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ሊፍት ውስጥ ነበር፣ ሥራው እሱ ነው፤ የተበላሸ ሊፍት ይጠግናል።

"ቴምብሩን እየለየሽለት ነው? አብደሻል እንዴ እታለም?"

ከዚያ ድምፁ ሌላ ሆነ። "ገርማንያዎቹ አሁንም አሉ?"

"አሉ።"

"መጥቼ ልያቸው።"

ይሄን ቤት ከረገጠ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። ምን ሊያይ ነው? ወይስ ለእኔ አዝኖ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

መጣ። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጣቶቹ ላይ ግሪስ አለ። አባባ ገና ከበሩ ሲያየው፣ "ደንቆሮው መጣ" አለ።

"ደህና ዋሉ?" አለ ወንድሜ፣ ቀኝ ጆሮውን ዘወር አድርጎ። እጁን ታጠበ፣ ወረንጦ አነሳ፣ ተቀመጠ።

ከእኔ ይበልጣል! የቴምብሮቹን የጠርዝ ጥርስ፣ በሁለት ሴንቲሜትር ስንት እንደሆነ፣ ሳይለካ በዓይኑ ብቻ ይቆጥራል። "ይሄ አሥራ አራት ነው፣ ያኛው አሥራ ሦስት ተኩል።" ከቤተ መጻሕፍት ከተዋስኩት ካታሎግ ጋር አመሳከርኩት። ልክ።

"የት ተማርከው?"

"በበሩ ስንጥቅ" አለ። "ልጅ ሆኜ በየማታው ሲሠራ ሳየው ነበር።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

አምስት ቀን ሙሉ ሰላም። ገርማንያ አለቀች። በፈረንጅ የ1923ቶቹ ጋ ደረስን፣ ገንዘባቸው ዋጋ ከማጣቱ የተነሳ በድሮው ቁጥር ላይ ሚሊዮን ደርበው ያተሙባቸው። ወንድሜ ሲቆጥር፣ "እነዚህ ሰዎች ጥርሳቸው ከአባባ ይበዛል" አለ። ሳቅኩ። አባባም የከንፈሩ ጫፍ ተነቃነቀ። እምላለሁ፣ ተነቃንቋል።

እንዲህ መሆን እንችል ነበር ማለት ነው? ታዲያ ለምን…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ከምሳ በኋላ አባባ ለብቻዋ በፖስታ ያስቀመጣትን ቴምብር አወጣ። የሚመካባት። ሥራ ሲጀምር አንድ የውጭ ሰው የሰጠው፣ ላይዋ ላይ ጥቁር ጽሑፍ የታተመባት፣ ብርቅ ናት የሚላት። "ይቺን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጓት።"

ወንድሜ በአጉሊ መነጽር አያት። ደጋግሞ አያት። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ በሽተኛ እንደሚያናግር ሰው፣ "አባባ፣ ይቺ ትክክለኛ አይደለችም" አለ። "የፖስታ ቤቱ ማኅተም ከሥር ነው፣ ጽሑፉ ከላይ። ደብዳቤው ደርሶ ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው ያተመባት።"

አባባ በትንሽ ድምፅ፣ "ድገመው እስቲ" አለ።

ወንድሜ አልሰማውም። "ምን አሉ?" ብሎ ጎንበስ አለ። ደህናውን ጆሮውን አስጠግቶ።

ከዘራው እዚያው ላይ አረፈ። ጆሮው ላይ።

ወንድሜ በጣቶቹ መሃል ደም እየወረደ ተነሳ። "አልሰማም" አለ። "እታለም፣ አልሰማም!" ራሱን ስለማይሰማ ጮኾ ነው የሚያወራው። ከዚያ ከዘራውን ነጠቀው። "አንተ!" አለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው።

አንደኛው ትከሻው ላይ። ሁለተኛው፣ ሊከላከል ባነሳው ቀኝ ክንዱ ላይ። አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ሦስተኛው እዚያው ላይ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ቆርቆሮው ተደፋ፣ ቴምብሩ ወለሉን ሞላው።

ሦስቱን ቆሜ አየሁ፣ ወረንጦዬን እንደያዝኩ። መቆም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሁለተኛው በኋላ "በለው" ብያለሁ። በሆዴ ሳይሆን በአፌ።

አራተኛውን ሄጄ ያዝኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 24

ሆስፒታል ነን። የአጥንት ሐኪሙ፣ "ምን ሆኑ አባት?" አለው።

"ወደቅሁ" አለ።

እናቴ ነበረች እንዲህ የምትለው። ለሐኪሙም፣ ለጎረቤትም፣ ለገዛ እናቷም። ወደቅሁ። አሁን ቃሏን ከእሱ አፍ ሰማሁት። ልጁን ሊሸሽግለት ነው? ወይስ ልጁ መታው እንዳይባል? ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ልክ ነው ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ወንድሜ በስልክ ጻፈልኝ። "ሐኪም ቤት ታየሁ። የጆሮዬ ታምቡር ተቀዷል። ሊገጥም ይችላል አሉኝ። አትምጪ።"

ሰኞ፣ ኅዳር 2

ቤት ተመልሰናል። ግራው ሽባ፣ ቀኙ ጀሶ። የማጎርሰው እኔ፣ የማገላብጠው እኔ።

"ውሃ" አለ ዛሬ። ሰማሁት። የአሥራ ሁለት ቴምብር ጥርስ ቆጥሬ፣ ጽፌ ጨርሼ ነው የተነሳሁት። ከንፈሩ ደርቆ ሲጠብቀኝ ደስ አለኝ። ደስ አለኝ ብዬ ስጽፈው ያስፈራል… ግን ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5

"ቴምብሯ ትክክለኛ ናት" አለ ቁርሱን ሲጨርስ። "ያ ደንቆሮ ቀንቶ ነው።"

ከፊቴ ካለው ክምር አንድ አነሳሁ። ተራ ናት፣ አርባ ያህል አቻ አሏት፣ ለይቼ የቆጠርኳቸው እኔ ነኝ። ዓይኑ እያየ ለሁለት ቀደድኳት።

አለቀሰ! እናቴን ስንቀብር ዓይኑ እርጥብ ያላለ ሰውዬ።

"የልጅህ ጆሮ ሲደማ እንዲህ አልቅሰሃል?" አልኩት። አንተ አልኩት። ሁለተኛዋን ቀደድኩ። ሦስተኛዋን።

"ተይ ልጄ" አለ።

ልጄ! ያን ጊዜ የሆነ ነገር ፈነዳብኝ። እጄ ወደ ላይ ወጣ። ወረንጦው በጡጫዬ ውስጥ፣ ጫፉ ወደ ታች። እሱ ጀሶውን ፊቱ ላይ ከለለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀበረ። ክርን ይቀድማል፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አንገት። አውቀዋለሁ። እናቴ እንዲያ ነበር የምታደርገው። ወንድሜም። እኔም።

እጄ እዚያው ቀረ። ለስንት ጊዜ? አላውቅም። ሳወርደው ብብቴ በላብ ርሷል። ወረንጦውን አስቀምጬ ታጠብኩ። እንደገና ታጠብኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

አስታማሚ አገኘሁ። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው። ኩሽና አስገብቼ ሁሉንም ነገርኩት። ክንዱ እንዴት እንደተሰበረ፣ እናቴን፣ ወንድሜን።

"ትናንት እኔም ልወጋው ነበር" አልኩት።

አልደነገጠም። "እንግዲያው ዛሬውኑ ቢወጡ ይሻላል እትዬ" አለኝ።

ሻንጣዬን ይዤ በሩ ላይ ስቆም አባባ፣ "ቴምብሮቹስ?" አለ። እስከ 1923 ተሰድረዋል። የቀሩት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። "ይቅሩ" አልኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

አትምጪ ያለኝን ትቼ ወንድሜ ቤት ሄድኩ። ጆሮው እየገጠመ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጠው ቀስ ብለው ካወሩት ይሰማል።

ተቀመጥኩና ተናዘዝኩ። "ስትመታው 'በለው' ብያለሁ" አልኩ። ለሳምንታት አንቆኝ የነበረው እሱ ነው።

"ያን ሰዓት ምንም አልሰማም ነበር" አለ። "አፍሽን ግን አይቻለሁ። ሦስተኛውን የጨመርኩት ለዚያ ነው።"

ስለ ወረንጦውም ነገርኩት። "እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር" አለ፣ እጁን እያየ።

ነገ ላብራቶሪ እመለሳለሁ። ያ ቤት ዳግመኛ አላድርበትም። ቅዳሜ ጠዋት ግን ሄደን ልናየው ተስማምተናል። ሁለታችን አንድ ላይ፣ አስታማሚው ባለበት፣ ለግማሽ ሰዓት። እጃችንን ኪሳችን ከትተን።