ጉልበቴ ውስጥ ያለው ጄል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? እትዬና ልጆቹስ? ስለ ጉልበትህ አልጠይቅህም፤ «ደህና ነው» እንደምትለኝ አውቃለሁ። ደረጃ በጎንህ እንደምትወርድ፣ ሴራሚክ አንጥፈህ ለመነሳትም ግድግዳ እንደምትይዝ እትዬ በስልክ ነግራኛለች። አትቆጣት፤ ወጥሬ ይዣት ነው።

ባለፈው የላክኩልህን የጋዜጣ ቁራጭ ታስታውሳለህ? አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ መሃል ላይ ስላለው ልም አጥንት፣ ሲጎዳም በሰው ሠራሽ ጄል ስለመሙላት የሚያወራውን። «ሰሃን ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር ጉልበቴ ውስጥ? መጀመሪያ ሌላ ሰው ላይ ይሞክሩትና እንተያያለን» ብለህ ሳቅክ። እኔም ስቄ ስልኩን ዘጋሁት።

እንግዲህ እኔ አሠራሁት። ልብስ የምተኩስበት ቤት እርጥብ ወለል ላይ ወድቄ የተጎዳውን ቀኝ ጉልበቴን። ያየችኝ ሐኪም ጉዳቴ ትንሽ እንደሆነች፣ ሳላስነካት ለዓመታት መኖር እንደምችል ነግራኝ ነበር። ጄሉ ገና በጥናት ላይ ነው፤ ላይሠራም ይችላል ብላኛለች። ፈረምኩ።

ከወገቤ በታች ብቻ ስላደነዘዙኝ ሲያወሩ እሰማ ነበር። ልም አጥንቴ ላይ የተፈጠረችውን ጉድጓድ ጠርገው ጄሉን ሞሉባት፤ መብራት ሲያበሩበት ረጋ። አብዛኛው ውሃ ነው አሉ፤ የራሴ ልም አጥንት እስኪያድግ ቦታ ይይዛል። ከወር በላይ እግሬን መሬት አላስረገጡኝም። ወደ ሥራ ስመለስ አለቃዬ «ተቀምጦ መተኮስ ድሮም አምሮሽ ነበር» እያለች ወንበር ሰጠችኝ። አሁን ቆሜ እተኩሳለሁ። ሲመሽ ትንሽ ያብጥብኛል፤ አልዋሽህም።

አምና ሐኪም ቤት የተነሳኸውን የጉልበት ኤምአርአይ ፎቶ ከእትዬ አስልኬ ለሐኪሟ አሳየኋት። «የወንድምሽ ጉድጓድ ሰፋ ይላል፤ ጠርዙ ግን ከአጥንቱ አልተነሳም» አለች። ዙሪያው መነሳት ከጀመረ ጄሉ የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ያኔ የሚቀረው ቆርጦ ብረት ማስገባት ነው። ይህን ለሴራሚክ ሠሪ አላብራራም። በብረት ጉልበት ተንበርክኮ መሥራት እንደማይሆንልህም ነግራኛለች።

በሚመጣው ወር መጀመሪያ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ሐኪሟ ቃል አልገባችም፤ አይቼ ነው ብላለች። እስከዚያ በጉልበትህ የምትንበረከክበትን ሥራ ለረዳትህ ተውለት። መናኸሪያው ድረስ እመጣለሁ። ሻንጣህን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እንዳትከራከረኝ።

ፈጣሪ ከነቤተሰብህ ይጠብቅህ፤ መንገዱን ያቅናልህ።

አዝለህ ያሳደግካት እህትህ