አርብ ከደወሉ በኋላ

ቺካጎ፣ ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

የሐይቁ ንግሥት እማዬ፣

መርከባችሁ ዱሉዝ ስትደርስ ይህ ደብዳቤ ቀድሞ ወደቡ ላይ እንዲጠብቅሽ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት እሮጣለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ድመቷም ደህና ናት። አያቴ ግን... ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አርብ ጠዋት አያቴ ጢሙን ተላጨ። ለቀብር ካልሆነ እንደማይላጭ ታውቂያለሽ። "ማን ሞተ?" ስለው፣ "እስካሁን ማንም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን አንድ ነገር ይሞታል" ብሎ ሳቀ። ነገሩ አላማረኝም።

ቀደም ሲልም ከጎረቤታችን ከአቶ ደንሌቪ ጋር በአጥሩ ላይ በእጅ ሲነጋገሩ አይቻቸዋለሁ። ሁለቱም በአክሲዮን ገበያው አዳራሽ ጫጫታ ውስጥ ያረጁ ስለሆኑ ዛሬም አፋቸው እጃቸው ነው። መዳፍ ወደ ራስ ከዞረ መግዛት፣ ወደ ውጭ ከዞረ መሸጥ። የአያቴ ወደ ውጭ ነበር።

"ምን እየሸጥክ ነው?"

"ዝንብ እያባረርኩ ነው፣ አንቺ ሰላይ!"

በዚህ ብርድ ዝንብ!

አርብ ከሰዓት ሁለቱ በረንዳው ላይ ቢራ ይዘው በእኔ ስልክ ዋጋ ያያሉ። ሳየው የአባዬ የፓምፕ ፋብሪካ አክሲዮን ነው፤ አባዬ የተወልን፣ አንቺም "ጠብቅልኝ እንጂ እንዳትነካው" ያልሽው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የገበያው መዝጊያ ደወል ሲደወል ዋጋው ከአርባ ዶላር በጥቂት ሳንቲም ዝቅ ብሎ ቀረ። አያቴ "ሞተ! ቀበርኩት!" እያለ ጨፈረ።

አፋጥጬ አናዘዝኩት። የሸጠው አክሲዮኑን ሳይሆን "እስከ አርብ በአርባ ዶላር የመግዛት መብት" ነው፤ በደላላ በኩል፣ ለማያውቀው ሰው። ዋጋው ከአርባ በላይ ከዘጋ መብቱ በራሱ ይፈጸምና አክሲዮኑ ይሄዳል። ከአርባ በታች ከዘጋ መብቱ ከንቱ ይሆናል፣ አያቴ ለመብቱ የተከፈለውንም ገንዘብ አክሲዮኑንም ይዞ ይቀራል።

"ለምን አደረግኸው?"

"እጄ እንዳልረሳ ለማየት።"

አቶ ደንሌቪም በደላላቸው በኩል ያንኑ ዓይነት መብት ከገበያው ገዝተው ስለነበር "እኔን ነው የቀበርከኝ" ብለው አብረው ሳቁ። አሥር ሰዓት ገደማ ስልኬ ላይ ዜና መጣ፤ ሌላ ኩባንያ ለአንዱ አክሲዮን ከአርባ ዶላር እጅግ አስበልጦ ከፍሎ ፋብሪካውን ሊገዛ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አቶ ደንሌቪ ቢራቸውን ሳይጨርሱ "ሚስቴ ትጠራኛለች" ብለው ተነሱ። ሚስታቸው ከረቡዕ ጀምሮ ሚልዋኪ ናት!

"አያቴ፣ ያ ነገር እውነት ሞቷል?"

"ደወሉ ተደውሏል እኮ!"

በእሱ ዘመን ደወል ሲደወል ሩጫው ወደ መጠጥ ቤት ነበር፤ የቀረውን የሚጨርሱት ጸሐፊዎቹ ናቸው። አርባ ዓመት ሲሠራ ከደወሉ በኋላ ምን እንደሚሆን አንድም ቀን ቆሞ አላየም። እኔ ግን ደንቡን ስልኬ ላይ ፈለግሁ። ገዢው እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ለደላላው "እፈልገዋለሁ" ካለ ከንቱ የተባለው መብት ይፈጸማል፤ ሻጩ እንቢ ማለት አይችልም። ሳነብለት ቢራው እጁ ላይ ሞቀ።

ቅዳሜና እሁድ እህል አልቀመሰም። ዛሬ ጠዋት የደላላው መልእክት መጣ። አክሲዮኑ በአርባ ዶላር ተወስዷል፤ ገንዘቡ ሒሳብሽ ገብቷል።

በቀጥታ አጥሩን ዘለልኩ።

"የአባዬን የወሰዱት እርስዎ ነዎት?"

"ልጄ፣ ከየትኛው ሻጭ እንደሚወሰድ የሚወሰነው በዕጣ ነው። የእኔ ከማን እንደመጣ እግዜር ነው የሚያውቀው።"

"ስለዚህ ከደወሉ በኋላ መብቱ እንዲፈጸም አዘዋል!"

ጆሯቸው ቀላ። "ብነግረው ኖሮስ ምን ያደርግ ነበር? የሸጠ ሰው አይመልስ።"

እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። ግን ታዲያ በሚስታቸው ማሳበብ ለምን አስፈለገ? እኔ አሁንም አላመንኳቸውም። አያቴ ደግሞ መጋረጃውን በእሳቸው በኩል ዘግቶታል።

እማዬ፣ ዱሉዝ ስትደርሺ ይደውልልሻል። ምንም እንዳልሰማሽ ሁኚ። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ሲለማመድ በበሩ ሰምቼዋለሁ፤ "ልጄ" ይልና ውሃውን ይከፍተዋል፣ እንደገና "ልጄ" ይልና ውሃውን ይከፍተዋል። እስኪጨርስ ስልኩን አትዝጊበት። ከዚያ የፈለግሽውን ያህል ጩኺበት፣ አጠገቡ ቁጭ እላለሁ።

ሐይቁ ጸጥ ይበልልሽ፣ ነፋሱም ከኋላ ይሁንልሽ።

ሰላይሽ፣
ብሮኒያ