ሃያ ሰከንድ የማይበቃው ሰላምታ

አንባቢዎቼ፣ ደብዳቤው ለአለቃ የተጻፈ ቢሆንም አንድ ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ፤ ባለፈው ወር በዚሁ ገጽ «የዘር መጋዘኑን የእጅ መመዝገቢያ መሣሪያዎች ያስተካከልኩት እኔ ነኝ» ብዬ የተኩራራሁበትን ጽሑፍ ያስቀመጠ ካለ፣ እባካችሁ እሳት ያቀጣጥልበት።

ሐሙስ፣ ባሌ ሮቤ ከተማ

ለተከበሩ አቶ ዳግማዊ
የአዝመራ ተስፋ ምርጥ ዘር መጋዘን ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ክረምት ማሳ እንዲለመልም፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ።

ባለሙያው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መሣሪያዎቹን የሦስት ወር የኮምፒውተር ሥልጠና ብቻ ላለኝ ለእኔ በማመንዎ አመሰግናለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ እንዳያልቅ ብዬ፣ መሣሪያው ሃያ ሰከንድ ካልተነካ እንዲተኛ፣ ከመጋዘኑ ኮምፒውተር ጋር በአየር የሚያገናኘው ሬዲዮውም አብሮ እንዲጠፋ አደረግሁ። ሬዲዮው ሲጠፋ የተጀመረው ቅጽ ይሰረዛል። ባሌ ውስጥ በሃያ ሰከንድ የሚያልቅ ሰላምታ የት አይቼ እንደሆነ እንጃልኝ!

አቤቱታዬም የሚከተለው ነው።

፩. ገበሬዋ አዴ (ወይዘሮ) ጁሀራ ማክሰኞ ዘር ሊወስዱ ከጎሮ መጡ። መዝጋቢው ለሚ ብልህ ነውና ሰላምታውን ጨርሶ መሣሪያውን ከፈተ። ቅጹ ግን ስም እስከ አያት ይላል። የአባታቸውን ስም ሲናገሩ ለሚ ዘመድ አገኘ፤ «የአባ ቱፋ ልጅ ነዎት እንዴ? አካም ጅርቱ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?» ብሎ ከልጆቹ እስከ ከብቶቹ ደኅና መሆናቸውን እንደ አዲስ ጠየቀ፤ መሣሪያውም ተኛ። እንደገና ሲጀምር ለሟቹ አያታቸው ዱዓ ተደረገ፤ ዳግመኛ ተኛ። ረቡዕ ለሚ ሊያጣድፋቸው ቢል፣ አዴ ጁሀራ ቆጣ ብለው «ይህን ማሽን ማነው ያሳደገው?» አሉ፤ እስኪቆጡም መሣሪያው ተኛ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ።

፪. መተኛ ጊዜውን ወደ አምስት ደቂቃ ማሳደግ የአንድ አፍታ ሥራ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ከተገኘ። ያወጣሁት እኔ፣ የረሳሁት እኔ፤ የወረቀት መዝገቡንም «ኋላ ቀር ነው» ብዬ ያስጣልኩት ይህችው እኔ። የይለፍ ቃሉ ብቸኛ ቅጂ በታሸገ ፖስታ እርስዎ ካዝና ውስጥ ተቀምጧል። ፖስታው ያለ ኮሚቴ እንዳይከፈት፣ ኮሚቴውም ሰኞ እንዲሰበሰብ በመወሰንዎ ጥንቃቄዎን አደንቃለሁ። ችግሩ ዘር የሚታደለው እስከ ነገ ዓርብ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያልተመዘገበ ደግሞ አይወስድም። አዴ ጁሀራ ማሳቸውን ሁለቴ አርሰው ዝናቡን ተቀብለዋል፤ የዘንድሮ ስንዴያቸው ያለው ከእርስዎ ቁልፍ ጀርባ ነው።

፫. በሩ ላይ «ባለጉዳይ ከሁለት ቃል በላይ ሰላምታ እንዳይሰጥ» የሚል ማስታወቂያ ስላስለጠፉ ምስጋናዬ የተለየ ነው። ጥፋቱን ከእኔ ጫንቃ አውርደው ለመላው የባሌ ሕዝብ ስላከፋፈሉልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ ዘሩም እንዲህ ፈጥኖ ቢከፋፈል እንዴት በታደልን!

በታላቅ አክብሮት፣ ከዚያም በበለጠ እፍረት፣
ማሽን አሳዳጊዋ ፀዳለ

ማስታወሻ፦ ነገ ከጁምዓ ሶላት በፊት ከአዴ ጁሀራ ጋር በርዎ ላይ እሰለፋለሁ። ጆንያቸው ሞልቶም ይሁን ባዶውን ጎሮ ሲገባ፣ ብዋረድበትም እንኳ ያየሁትን እዚሁ ገጽ ላይ አሰፍረዋለሁ። ደግሞም የእኔን መሣሪያ አይናቁብኝ፤ ቢተኛም አንዴ ሲነኩት ይነቃል። ቢሮዎን ግን መነካካት ከጀመርን ይኸው ሦስተኛ ቀናችን ነው።