ፍላሽ አይነሳም

ኅዳር 18

ዝናብ። የናይሮቢው ሁርሊንግሃም መንገድ ጭቃ ብቻ። ምሳ ላይ ምግብ ቤቴን የሰው ድርቅ መታው... ጾም ስለሆነ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ጾም ባልነበረ ጊዜስ? ተይው ፋናዬ።

ከሰዓት ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። ቁጥሩን አየሁት። ሜሮን! ስሟን ከስልኬ ካጠፋሁት ቆይቷል። ቁጥሯን ከጭንቅላቴ የሚያጠፋ ቁልፍ ግን ስልኩ ላይ የለም።

ሜሮን ማለት እህቴ። ታናሼ። አሳድጌ፣ ናይሮቢ አምጥቼ፣ ሙያ አስተምሬ... በፋሲካ ዋዜማ ወጥ ሠሪዬን መሠረትን አስከትላ ኢስትሊ ሰፈር የራሷን ምግብ ቤት የከፈተች። ዋዜማውን መምረጧ! ቤቱ በሰው ሞልቶ እኔ ብቻዬን ሽንኩርት ስከትፍ ያመሸሁበት ቀን። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው። አልተነጋገርንም።

ይቅርታ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ፍላሽ አደረገችኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የእኔ ጉድ ኅዳር ላይ ደረሰ። አንድ ጥሪ፣ ያውም በነጻ።

መልሼ አልደወልኩም። ለምን ብዬ?

ኅዳር 19

ጋሽ ክፍለማርያም ለምሳ ሲመጡ መዝገበ ቃላታቸውን አዋሱኝ። ኤርትራዊ ናቸው፤ አዲስ አበባ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ የሚበልጥ። ፍላሽ የሚለውን ግስ ፈለግሁ። ብልጭ ማለት። ማብራት። በፍጥነት ማለፍ። በቃ፣ ይኸው ነው። ናይሮቢ ያለው ትርጉም የለበትም። እንግሊዞቹ ግሱን ትተውልን ሄዱ፤ የሚደወልበትን የስልክ ክሬዲት ግን አልተዉልንም። የቀረውን እኛው ጨመርንበት።

እዚህ ፍላሽ ማለት ደውሎ፣ ሳይነሳ ቶሎ መዝጋት ነው። ጉዳዩ የእኔ፣ ገንዘቡ ያንተ እንደ ማለት።

ደንቡን ያስረዳችኝ ሮሃ ናት፣ ካሸሬ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ስለሆነች አማርኛዋ በየመሀሉ ይሸሻል። "አንቲ፣ ዋን ከሆነ ደህና ነኝ፣ ቤት ደርሻለሁ ማለት ነው። ቱ ከሆነ ፕሊዝ ደውይልኝ። ባት ፍላሽ አይነሳም፣ ካቢሳ፣ በፍጹም!"

"ቢነሳስ?"

"ክሬዲቱን በላሽበት ማለት ነዋ! ዛት ኢዝ ሌብነት!"

በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ። ስልክ አንስቼ ሌባ መባል ቀርቶኝ ነበር።

ኅዳር 24

ግሱን ከሰማሁ ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አቃተኝ። ሽንኩርት አምጪው ፍላሽ። ደወልኩለት። "ማማ፣ ሊዮ ሽንኩርት ሃኩና።" ዛሬ ሽንኩርት እንደሌለ ለመስማት ከፈልኩ። የቧንቧ ሠራተኛው ፍላሽ። ደወልኩ። እንደማይመጣ ሊነግረኝ ነው። አለመምጣቱንማ ቧንቧው ራሱ እያንጠባጠበ ይነግረኝ የለ?

የመዘምራኑ ሰብሳቢ ሳይቀር ፍላሽ። ለመንፈሳዊ ጉዳይ! ደወልኩ። የማላውቀው ነገር የለም አሁን። ያለው ይደውላል፣ የሌለው ፍላሽ ያደርጋል። ታናሽ ለታላቅ፣ ሠራተኛ ለአሠሪ። ሚኒስትር ፍላሽ ሲያደርግ የሰማ የለም።

ማታ ሜሮን ፍላሽ። አንድ።

እንግዲህ ሕጉን እንየው። አንድ ማለት ደህና ነኝ ቢሆንም፣ በፍላሽ ሕግ ታላቅ ነኝ፣ መደወል የእኔ ነው። በኩርፊያ ሕግ ደግሞ ታናሽ ናት የምትቀድመው፤ ሽማግሌ ልካ፣ አንገቷን ደፍታ። ብደውልላት ቀድሜ ተናገርኩ፣ ተሸነፍኩ። ባልደውል...? ቆይ፣ እሷ ፍላሽ ስታደርግ ቀድማ ተናገረች ማለት ነው ወይስ አይደለም? ማን ይፍረድ?

ታኅሣሥ 2

ጋሽ ክፍለማርያም ይፍረዱ ብዬ ሽሯቸውን ሳቀርብ ጠየቅኋቸው።

"ፍላሽ መናገር ነው?"

አሰቡ። ቀስ ብለው ጎረሱ። "አይደለም ልጄ። ደጅ ቆሞ ጉሮሮ መጥረግ ነው።"

"ታዲያ ትግባ! በሩን ማን ከለከላት?"

"ጉሮሮውን ለሚጠርግ ሰው ግባ ይባላል እንጂ..." አሉና ተዉት። ሌላ ጎርሰው ደግሞ፣ "ሽሮው መሠረት ከሄደች ወዲህ ጨው ይበዛበታል" አሉ።

ሂሳባቸውን አስቀድሜ አመጣሁላቸው።

ታኅሣሥ 9

ፍላሽ። አንድ። አልደወልኩም። ይቺ ልጅ ጉሮሮዋ አይደርቅም?

ታኅሣሥ 17

የኬንያ ምርጫ። ከተማው ሁሉ ሰልፍ ላይ። ቤቱን ዘግቼ ዋልኩ። ሮሃ ጣቷን ቀለም አስነክታ መጥታ ሙሉ ቀን አሳየችኝ። በሰላም ያብቃ።

ታኅሣሥ 21

አላበቃም። ትናንት ውጤቱ ከተነገረ ጀምሮ ረብሻና ጭስ ነው። ከኪቤራ ሰፈር በኩል እዚህ ድረስ ይሸታል። ሚኒባሱ ማታቱ የለም፣ ሱቅ የለም። ሮሃ ቤቷ መሄድ ስላልቻለች እኔ ጋ ናት። ሬዲዮው ማታሬ ይላል... ማታሬ ማለት ኢስትሊ ጥግ ነው። የሜሮን ጓሮ።

የሚፋቀውን የክሬዲት ካርድ የሚሸጥ ጠፋ። ያገኘም በእጥፍ ነው የገዛው። ስልኬ ላይ የቀረችኝ ለአንድ አጭር ጥሪ የምትሆን ናት። አሁን ሁላችንም እኩል ሆንን፤ ሚኒስትሩም ፍላሽ ሳያደርግ አይቀርም።

አመሻሹ ላይ ስልኩ አንዴ ጮኸ። ሜሮን።

"ሺ ኢዝ ፋይን፣ አንቲ" አለች ሮሃ።

"ማን ጠየቀሽ?" አልኳት። ከዚያ ግን ምግብ በላሁ። ቀኑን ሙሉ አልወርድ ብሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ 22

ፍላሽ። አንድ። ተመስገን አልኩ። ሮሃ እንዳትሰማ።

ታኅሣሥ 23

ፍላሽ የለም።

ባትሪ ይሆናል። ኔትወርክ ይሆናል። ወይ ደከማት። ከፋሲካ ጀምሬ ዝም ያልኩት እኔ፣ አንድ ቀን ዝም ብትል ይህን ያህል...? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያልኩ ስኮራ ነበር። ይኸው፣ አፌን ዘግቼ የገባኝ ፍርሃት ነው።

ስልኩን ሽንት ቤት ድረስ ይዤው ገባሁ። ሮሃ አየችኝ።

ታኅሣሥ 24

ደወልኩ።

አዎ፣ እኔ። ቀድሜ። ሽማግሌ ሳይላክ። ጠራ... ጠራ... እስኪዘጋ ጠራ። አላነሳችም።

ወይ ጠልታኛለች ወይ አንድ ነገር ሆናለች። ጠልታኝ ቢሆን ብዬ እግዚአብሔርን ለመንኩ። እንዲህ ያለ ስለት ማን ተስሎ ያውቃል? እህቴ በጠላችኝ!

ወዲያው ፍላሽ። አንድ። አለች! ደህና ናት! ታዲያ ለምን አታነሳም? ደግሜ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳችም። ተዘጋ። ፍላሽ። አንድ። እኔ እደውላለሁ፣ እሷ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች! አሁንስ ብልጭ አለብኝ። መዝገበ ቃላቱ እውነቱን ነው።

ሦስተኛ ደወልኩ። አላነሳችም። እሺ። ስልኩን እጄ ላይ ይዤ፣ አውራ ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሮሃ ገባትና "አንቲ ኖ! ፍላሽ አይ..." ስትል መብራቱ በራ። ድምፁን ሳያወጣ ተጫንኩት።

"ፋናዬ! ምን ሆነሽ ነው የምታነሺው? ክሬዲቴን ጨረስሽው እኮ!"

ከፋሲካ ወዲህ ከእህቴ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

"አንቺስ ስደውል ለምን አታነሺም?"

"ፍላሽ መስሎኝ ነዋ! እንዳልበላብሽ ብዬ!"

"እስኪዘጋ የሚጠራ ፍላሽ የት አገር አለ?"

"መዝጋቱን ረሳችው አልኩ። አንቺ ለእኔ ትደውያለሽ ብዬ እንዴት ልጠርጥር?"

"ትናንት የት ጠፋሽ?" ብዬ ወሬ ለወጥኩ።

"መብራት አልነበረም። ስልኩ ሞቶ። እኔና መሠረት ግን ደህና..."

ተቆረጠ። አለቀባት። በላሁባት።

የእኔዋ ለአንድ አጭር ጥሪ የምትሆን አለች፤ ያልተነሳ ጥሪ አይቆጥርም። ደወልኩላት። ታላቅ አይደለሁ? ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው። እሷ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ። ፈርቼ ነበር። ክፉኛ ፈርቼ ነበር። ክሬዲቱ በለቅሶ አለቀ። ቢሆንም ከሽንኩርቱ ጥሪ ይሻላል።

ታኅሣሥ 28

ገና። ማታቱ ጀምሯል፣ ቢፈራም። ሜሮንና መሠረት መጡ። ሽማግሌ የለ፣ አንገት መድፋት የለ። መሠረት ቀጥታ ወጥ ቤት ገብታ ድስቱን ቀመሰች፤ ፊቷን አይቼ ወጣሁ። ጋሽ ክፍለማርያም በሉ፣ ደገሙ፣ "እንኳን አደረሰሽ" አሉኝ፤ ስለ ጨው አላነሱም።

ይቅርታ? እሷም አልጠየቀች፣ እኔም አልጠየቅሁ። መሠረትን አልመልስም አለች። አትመልሺ አልኩ። ሽሮ መሥራት እኔም አልጠፋኝ... ጨዉ ነው እንጂ።

ሳይመሽ ሸኘኋቸው። ማታቱ ላይ ስትወጣ "ስትደርሺ..." ስላት "አውቃለሁ" አለችኝ።

እቃ እያጠብኩ ነበር። ስልኬ አንዴ ጮኸና ዝም አለ። እጄን አደራርቄ አየሁት። ሜሮን ይላል፤ ስሟን ጠዋት መልሼ አስገብቼዋለሁ።

አላነሳሁትም።