የእናታችንን ምርቃት ለሳቅ ላዋሉት ለአቶ ግዛቸው

ለተከበሩ አቶ ግዛቸው፤
የ«አራት በር» ሳምንታዊ አስቂኝ ድራማ ደራሲ፣ አዘጋጅና ፕሮዲዩሰር፤
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ድራማዎ ዕድሜ የረዘመ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሕሊናዎ ያልተረበሸ ይሆን ዘንድ ከዲላ ከተማ ምኞቴን አቀርባለሁ። ሙሉካ ወልደዮሐንስ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ በድራማዎ ላይ ዘበኛውን ዱካሞን ሆኖ ይተውን የነበረው የታዲዮስም ታላቅ እህት ነኝ። ባለፈው ሳምንት በቴሌቪዥን ቀርበው «ዱካሞ ከነእናቱ ለበዓሉ ልዩ ዝግጅት ይመለሳል» ብለው ለአገር ስላበሠሩ፣ መልሱም በአገር ፊት እንዲደርስዎ ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌአለሁ። ውለታዎ ብዙ ነውና በተራ በተራ ላመስግንዎ።

አንደኛ፤ ወንድሜን ስላስተዋወቁልን። ቲያትር ተምሮ የተመረቀውን ልጅ ከደቡብ የመጣ ዘበኛ አድርገው፣ አንተና አንቺን እያምታታ እንዲናገር አዘዙት፤ አገር ሳቀ። ዲላም ሳቀች፤ እኛም ሳቅን፤ ታዲዮስ ዱካሞን ሞኝ አላደረገውማ! አማርኛው ይሰናከላል እንጂ የግቢውን ሰው ሁሉ ገመና የሚያውቀውና የሚሸፍነው እሱ ነበር።

ሁለተኛ፤ እናታችንን በክብር ስለተቀበሉልን። እናታችን መሰረት በዲላ አጠገብ ያለችው የጪጩ መንደር ገበሬ ናት፤ አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው፤ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው። ልጇ የሚሠራበትን ቦታ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መጥታ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና ቅቤ ሰጥታዎት፣ እጅዎን በሁለት እጇ ይዛ «አንቺ ልጄን ሰው አደረግህ፤ ጌታ ቤትሽን ይባርክ፤ ልጆችህ ይደግልሽ» ብላ መረቀችዎት። እርስዎም ጎንበስ ብለው «አሜን እማማ» እንዳሉ ተመልሳ ስትተርክ ሰፈሩን አሰለቸች።

ወር ሳይሞላ አዲሱ ድርሰት ታዲዮስ እጅ ገባ። የዱካሞ እናት ከገጠር መጥታ ቆጮዋን ነጭ ሶፋ ላይ ዘርግታ የቤቱን ባለቤት ትመርቃለች፤ ምርቃቱም ቃል በቃል የእናታችን ነው። ታዲዮስ እንዲቀር ለመነዎት። «ፍቅር እኮ ነው፤ ሕዝቡ እናትህን ይወዳታል» አሉት። «ሌላ ምርቃት እኔ ልጻፍልዎት፤ ይሄን ብቻ ይተዉልኝ» ቢልዎት፣ በባልደረቦቹ ፊት «አንተ ዘበኛ ነህ፤ በርህን ጠብቅ» ብለው መለሱለት። የዱካሞን ኮፍያ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ተዋናዮች ከታዋቂ ድራማ ለምን ይወጣሉ እያሉ በየቃለ መጠይቁ ሲራቀቁ ስለምሰማዎት፣ ምናልባት ረስተውት እንደሆነ ብዬ ነው ማስታወሴ።

እርስዎ ግን እሱ ቢወጣም ትዕይንቱን አልተዉትም፤ ሻሽ ያሰረ ወንድ እናታችንን ሆኖ ቀረበ። እሑድ ከሰዓት እንደ ወትሮው ጎረቤቱ ሁሉ እናታችን ቤት ተሰብስቦ ነበር። መጀመሪያ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። ምርቃቱ ሲጀመር ሳቋ ቀጥ አለ። «ይሄ የኔ አፍ ነው» አለች በጌዴኦኛ፤ ለማንም ብላ የተናገረችው አልነበረም። ተነስታ ወደ እንሰቷ ጓሮ ገባች፤ ጎረቤቶቹም ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ አንድ በአንድ ወጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማርኛ ከአፏ አልወጣም። ገበያ ላይ ለእንግዳ ሸማች በጣቷ ታሳያለች፤ ጤና ጣቢያ ወገቧን እንዳመማት ላስተረጉምላት ከክፍል እየተጠራሁ ሄጃለሁ። ለአንድ አፍታ ሳቅ የአንዲት እናትን አንደበት መዝጋት ቀላል ጥበብ አይደለምና ለሙያዎ እጅ እነሣለሁ።

ሦስተኛ፤ ለወንድሜ የወደፊት ሕይወት ስላደረጉት ጥንቃቄ። ዱካሞን የግቢውን የውኃ ፓምፕ ሰርቆ እንዲታሰር አደረጉት፤ ዛሬም ባጃጅ ውስጥ «መቼ ተፈታህ?» የሚለው አይጠፋም። ታዲዮስን ራሱን ደግሞ «ዝና ናላውን አዞረው» ብለው በሬዲዮ አሙት። ሊያሠራው ቃል ገብቶለት የነበረ አንድ አዘጋጅ «ግዛቸው ደውሎልኝ ነበር፤ ይቅርታ ወንድሜ» ብሎ ከደጅ መለሰው፤ ይቅርታ የሚባለው ቃል ከሙያችሁ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ያወቅነው ያኔ ነው። በስንት ደጅ ጥናት አንድ ቲያትር ቤት ልጁ የሞተበትን አባት እንዲተውን ዕድል ሰጠው። መድረክ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ፤ ተመልካቹ ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ዱካሞ!» ብሎ ጮኸ። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ዲላ ገባ፤ ለረጅም ጊዜም ከቤት አልወጣም።

እንዳይጨነቁ፣ አሁን ደህና ነው። በአካባቢያችን ሬዲዮ በጌዴኦኛ ተከታታይ ድራማ ይጽፋል፣ ይተውናል። አሪቻ መንደር ውስጥ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ስልካቸውን ከፍተው ይሰሙታል፤ ወደ ፍስሐ ገነት ከተማ ሲሄድ መንገድ ላይ አስቁመው «ያቺን ልጅ ለዚያ ሰካራም እንዳትድራት!» እያሉ ይቆጡታል። እንደ ድሮው በዋና ከተማ አይጨበጨብለትም፤ ግን ሲያለቅስ የሚስቅበት የለም።

ተራ ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀረው ግብዣዎ ነው። አስቀድመው ለአገር ካወጁ በኋላ፣ የቀረነውን እኛን ደግሞ ረዳትዎ ይርጉ ደውሎ ታዲዮስ እንዲተውን፣ እናታችንም ራሷ ቀርባ እንድትመርቅ እንዲጠይቀን ማዘዝዎ ትሕትናዎን ያሳያል። ታዲዮስ «ጉዳዩ የእሷ ነው» ብሎ ስልኩን ለእናታችን ሰጣት። ላስተረጉምላት ስጠጋ በእጇ ከለከለችኝና በአማርኛ ተናገረች፦ «ይርጉ፣ አንቺ ጥፋት የለህም። ለትልቋ ሰውዬ ንገሪው። የመረቅኩትን መልሺ አልልም፤ የተሰጠ ተሰጠ። ሁለተኛ ግን አልመርቅህም።» ስልኩንም ለታዲዮስ መለሰችለት። እኔ የአማርኛ መምህርቷ አንዲት ቃል አላረምኩም።

ስለሆነም ለበዓሉ ሻሽ የሚያስሩለትን ሰው ከሌላ ቦታ እንዲፈልጉ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

ከማይገባዎ ሰላምታና ከተረፈኝ ጥቂት ትዕግሥት ጋር፣
የእሑድ ተመልካችዎ የነበርኩ፣
ሙሉካ ወልደዮሐንስ
ዲላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በታዲዮስ ምትክ «የዱካሞ የአጎት ልጅ» ብለው ያስገቡት ወጣቱ ዳምጠው ባለፈው ቅዳሜ በአውቶቡስ ዲላ መጥቶ ቤታችን ምሳ በልቷል። ወንድሜን የጠየቀው ስለ ትወና ሳይሆን፣ ከእርስዎ ዘንድ ሥራ እንዴት እንደሚለቀቅ ነበር። ይህን እንድጽፍልዎ የለመነኝም ራሱ ነው፤ ፊት ለፊት ቢነግርዎት ምን ብለው እንደሚመልሱለት ያውቃል። ሰኞ ለቀረጻ አይጠብቁት።