ሁለት ቀዳዳ በአባቴ ጀልባ

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ዛሬም ተገለበጥን። እንደ ልማዳችን። ጀልባዋን ማቃናቱ ቀላል ነው፤ ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሸራዋ ቀና ይላል፣ ሆዷ ግን እስከ አፉ ውሃ። ቬልማ በባልዲ ትቀዳለች፣ እኔ መሪውን ይዤ "በርቺ" እላለሁ። ስንደርስ የጀልባ ክለቡ ውድድሩን ጨርሶ፣ ቋሊማውን ጠብሶ፣ በልቶ... አንዲት ያረረች ቀርታለች። ለሁለት ተካፈልናት።

መኪና ውስጥ ቁርጡን ነገረችኝ። "ኔቪል፣ ከእንግዲህ ከተገለበጥንና ውሃ ከቀዳሁ፣ ከሮስ ጋር ነው የምወዳደረው። የእሱ ጀልባ ውሃውን ራሷ ትተፋለች።"

ሚስቴ ከሮስ ጋር? ያውም ሮስ! መነጽሩን ከሸራው ቀለም ጋር የሚያስማማ ሰው... ቀልዷን መሰለኝ። ግን አልሳቀችም።

ኖቬምበር 10፣ እሑድ

ከጀልባዋ ኋላ ሁለት ቀዳዳ አወጣሁ። ቡጢ የሚያሳልፉ። ስትሮጥ ውሃው በዚያ ይወጣል። ክዳን ሠርቼላቸው በብስክሌት የውስጥ ጎማ ወጥሬ አሰርኩት።

አባቴ በገዛ እጁ የሠራት ናት፣ እዚሁ ጋራዥ ውስጥ። መጋዙን ሳነሳ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። "ይቅርታ አባዬ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ቬልማ ከወጥ ቤት "ማንን ነው?" አለች። "ማንንም" አልኩ።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

ሳንገለበጥ ሰመጥን።

መነሻው ላይ ቆመን ነፋስ እንጠብቃለን። ሻይ ልጠጣ ብዬ ወደ ኋላ ተቀመጥኩ፤ ቬልማም ብስኩት ልትሰጠኝ መጣች። የሁለታችን ክብደት ኋላ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ውሃ ውስጥ ገቡ። ክዳኖቹ አልቻሉትም። ለካ በሚወጣበት ይገባል! ብስኩቱ ተንሳፈፈ። ሮስ በአጠገባችን ሲያልፍ፣ "ጌታው፣ ማስወጫ ነው ማስገቢያ የሠራኸው?" አለኝ።

ቬልማ ባልዲውን አነሳች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 17፣ እሑድ

ስትቆምም ከፍ ብላ መንሳፈፍ አለባት። ሆዷ ውስጥ አየር ያስፈልጋታል... ከየት? ፍሪጅ ስከፍት አገኘሁት። የካርቶን ወይን! ውስጡ ያለው ብርማ ከረጢት። ወጣት ሳለን ባሕር ዳር እየነፋን ትራስ እናደርገው አልነበር?

ብዙ ያስፈልጋል፣ ያውም ባዶው። ለክለቡ ሰዎች ነገርኳቸው። ክረምት ላይ አጥሩን ቀለም እንቀባ ስል አንድ ሰው አልመጣም ነበር። አሁን ሁሉም "ለጀልባዋ" እያሉ በቅንነት ይጠጣሉ።

ኖቬምበር 22፣ ዓርብ

ከረጢት ስነፋ ዋልኩ። ራሴን አዞረኝ... ከመንፋቱ ይሁን ከሽታው እንጃ። ቬልማ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ሮስ ለነገ ጠይቋት ይሆን? ልጠይቃት ፈራሁ። ገብታ አንዱን አነሳችና መንፋት ጀመረች። "የመጨረሻ ዕድልህ ነው" አለች። ከመቀመጫዎቹ ሥር በመረብ አሰርናቸው። ደስ አለኝ። በጣም።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

ሠራ!

ነፋሱ ኃይለኛ ነበር፣ ሐይቁ መሃል ተገለበጥን። እኔ ከሆዷ ሥር በሚወጣው ሳንቃ ላይ ቆሜ ሳብኳት፤ ቬልማ በወዲያኛው በኩል ተንጠልጥላ ነበርና ጀልባዋ ስትቃና እሷን ከውስጧ ይዛ ተነሳች። ባዶ ናት ማለት ይቻላል! የቀረውም በቀዳዳዎቹ ወጣ። ዕንባዬ መጣ። አባቴ ቢያይ...

ከዚያ ሄደች። ቀለለቻ! እኔ ገና ውሃ ውስጥ ነኝ። "ቬልማ፣ አቁሚ!" መሪ ይዛ አታውቅም፣ በምን ታቁማት? ወይስ አልፈለገችም? የነፍስ አድን ጀልባ ላይ ሆኜ ሮስን ስታልፈው አየሁ።

ያለ እኔ ስለገባች ውጤቱ ተሰረዘ። "ይሰረዛ። የሮስን ፊት አላየህ" አለችኝ። ቋሊማው ገና እየተጠበሰ ነበር።

ኖቬምበር 30፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሮስ ጠየቃት፣ እኔው ፊት። "ከእኔ ጋር ትወዳደሪያለሽ ወይ?" ብሎ። "ጀልባ አለኝ" አለችው።

"አለኝ"? "አለን" ሳይሆን?

ጀልባዋ ጋ ስደርስ መሪውን ቬልማ ይዛዋለች። የእሷ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፊት። ባልዲው ውስጥ በረዶና ቢራ ሞልታበታለች። ነፋሱ ሲመጣ ገመዱን ስስብ መዳፌ ተላጠ፣ ሞገዱ ሁሉ ፊቴ ላይ... ዞር ብዬ አየኋት።

"በርታ" አለችኝ።