የሞክሼዎች ፈተና

ሰኞ፣ ሰኔ 15፣ ቢቸና

ኮምፒውተሩ ወስደዋል ይላል፤ እትዬ የሻረግ ዓለሙ አልወሰድኩም ይላሉ። ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ ቢሮ መጥተው ሁለቱን መዳፎቻቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉልኝ። "በየትኛው እጄ ነው ማዳበሪያውን የወሰድኩት? አንተ የተማርክ ነህ፣ እስቲ አሳየኝ።"

ግራውንም ቀኙንም አየሁ። የማጭድ ጠባሳ አለ። የማዳበሪያ ምልክት የለም።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እርሻውን የያዙት እሳቸው ናቸው። የጤፍ መዝሪያ ጊዜ ደርሷል። የገበሬዎች ዩኒየን መጋዘን ግን ስማቸው ፊት "ወስደዋል" የሚል እስካለ ድረስ አንድ ኪሎ አይሰጥም። የማዳበሪያ ማደያውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ መጋዘን ጠባቂው ወደ እኔ ይልካቸዋል፤ እኔ ደግሞ ወደ ነገ እልካቸዋለሁ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሞክሼ ነው፤ ሌላ የሻረግ ዓለሙ ወስዳ ይሆናል ብዬ። ግን ለሞክሼ ፈተና አለን። ፕሮግራሙን በነካሁት ቁጥር ሞጣ ያለው ኮምፒውተር እንደገና ይገነባዋል፣ ሠላሳ አንድ ፈተና ይፈትነዋል፣ ያየውንም አንድ በአንድ ይጽፋል። ያ ጽሑፍ ሎግ ይባላል። እኔ ዘንድ በማግስቱ የሚደርሰው ማጠቃለያው ብቻ ነው። ማጠቃለያው አረንጓዴ ነው፤ የወደቀ ፈተና ቢኖር ቀይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሞክሼ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 16

ኮድ አንብቦ ጥፋት የሚፈልገውን የኤአይ ኤጀንት አሰማራሁት። እንደ ልጆቼ አይደለም፣ "እርስዎ" ይለኛል። እስከ ምሳ ሦስት ምክንያት ሰጠኝ። መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ሜሞሪ አነሰ አለ። ቀጥሎ የቀን አቆጣጠር ነው አለ። በመጨረሻ የኔትወርክ መቆራረጥ (ይህን ቢቸና ውስጥ ማንም ሰው ያለ ኤአይ ያውቀዋል)። ሦስቱንም በሙሉ እርግጠኝነት ተናገረ፣ ሦስቱንም ይቅርታ ጠይቆ አነሣ።

ከዚያ እውነቱን አወጣ። ማጠቃለያ ብቻ ይዞ መገመት እንጂ ማወቅ አይችልም። ሰኔ 8 ብዙ ነገር ስቀይር የተጻፈውን ሎግ እንዳለ ይፈልጋል።

ሎጉ ሞጣ ኮምፒውተር ላይ አሥር ቀን ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሐሙስ ቀን ስድስት ሰዓት ማለት ነው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ቦታ ለመቆጠብ። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

የሞጣውን ኮምፒውተር ለሚይዙት ለጋሽ ይስማው ደወልኩ። አሥረኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩኝ፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ያለ ርኅራኄ የጣሉኝ፣ ዛሬ ጡረታ ወጥተው ግማሽ ቀን የሚሠሩልን ሰው ናቸው። ሎጉን ይላኩልኝ አልኳቸው። የቤተሰቤን ጤና ጠየቁኝ። ደግሜ ጠየቅኩ። ስለ ዝናቡ አጫወቱኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ መብራት የለም አሉ። ከጀርባቸው ፕሪንተር ሲያትም ይሰማኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

እትዬ የሻረግ ዛሬም መጡ። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በሬን ሲያዩ ዋሉ። ከመናገራቸው ይህ ይከፋል።

ጋሽ ይስማው ዛሬ ደግሞ ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ኔትወርኩ አይችለውም አሉ። ኤጀንቱ ከዚሁ ሆኖ እንዲያወርደው አዘዝኩት። ጀመረ፤ ከመቶ ሦስት ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ ከመቶ ሦስት ላይ ቆመ። በትዕግሥቱ ቀናሁበት። ሎጉ በቀኑ እንዳይጠፋ ከሩቅ ማስቆም አይቻልም። ያንንም ለደኅንነት ብዬ የከለከልኩት እኔው ነኝ። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ከእኔ የሚብስ ጠላት አላገኘሁም።

ፍላሽ፣ ጃኬት፣ የጾም ምሳ በፌስታል። ነገ በጠዋት ሞጣ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 18፣ ሞጣ

መንገዱ ክፍት ነው። ሚኒባሱ ግን ጉንደ ወይን ላይ እስኪሞላ ብሎ አንድ ሰዓት አቆመን። ለአንድ ሎግ ብዬ ሁለት መንገደኛ ለምኜ አስገባሁ።

ጋሽ ይስማው በር ላይ ተቀበሉኝ። መጀመሪያ ምሳ አሉ። ጋሼ፣ መጀመሪያ ሎጉን አልኩ። ቁልፉን ይፈልጉ ጀመር። ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ፍላሼ ላይ ቀዳሁት። ከፍቼ ለማንበብ ኤጀንት አላስፈለገኝም። የሞክሼዎች ፈተና፣ ሰኔ 8፦ ወደቀ። ወደቀ። ወደቀ። ሰኔ 9 ጠዋት፦ ተዘለለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም አረንጓዴ።

ከሥሩ የኤጀንቱ ማስታወሻ አለ። ተጠቃሚው ቀዩ እንዲጠፋ ስለጠየቁ ፈተናው እንዲዘለል አድርጌያለሁ ይላል። ሁለት ቀን ሙሉ አብሮኝ ሲፈልግ የከረመው ያው ኤጀንት ነው፤ የሠራውን አያስታውስም። ተጠቃሚው ደግሞ አጠገቤ ቆመው መነጽራቸውን ይጠርጋሉ።

"የዚያን ቀን ኃላፊዎቹ ሊያዩት ይመጡ ነበር" አሉ ጋሽ ይስማው። "ቀይ ሆኖ ሲያዩት ልጁ አይችልም ይሉሃል ብዬ ነው። መምህሩ ደግሞ እኔ ነኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እቆጣው ነበር። ሲጥሉኝ ያላፈሩ ሰው አሁን ስለ እኔ አፍረው የሠሩትን ምን እላለሁ? ምንም አይደል ጋሼ አልኩ። እንዲህ እየተባባልን ነው እዚህ የደረስነው። ምሳ በላሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 19፣ ቢቸና

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰኔ 8 ፕሮግራሙን ለማፋጠን ብዬ ሰው ከሚለይበት ቦታ የአያት ስምን አወጣሁ። ጎጃም ውስጥ፣ በየቀበሌው የሻረግ ባለበት አገር። የወዲያኛው ቀበሌ የሻረግ ዓለሙ ወርቁ ሲወስዱ የእኛዋ የሻረግ ዓለሙ ተሰማም ወሰዱ ተባለ። የሌሎች ሞክሼዎችም ስም እንዲሁ ተዘግቶ ቆይቷል፤ አንዳንዶቹ ስልክ እንኳ የላቸውም።

የአያቱን ስም መለስኩ። አንድ መስመር ነው። ፈተናው ሳይዘለል፣ ያለ ማንም ይሉኝታ ተሳካ። ኤጀንቱ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ።

መጋዘኑ ግን ትናንት ባዶ ሆኗል። ቀጣዩ መኪና ደጀን ደርሷል ይላሉ። ደጀን ደርሷል ከተባለ ሳምንት ሆነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

እትዬ የሻረግ መጡ። ከስማቸው ፊት "ወስደዋል" የሚለው እንደተነሣ ነገርኳቸው። ታዲያ ይሰጠኛል? አሉ። መኪናው ሲመጣ አልኩ። መቼ? አላውቅም።

ስሕተቱን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ ማለት ይቻል ነበር፤ አይከራከርም። ጋሽ ይስማው ማለትም ይቻል ነበር፤ ሞጣ ሩቅ ነው።

"እኔ ነኝ እትዬ። የአያትዎን ስም አውጥቼ።"

"ኧረ አንተስ ደህና ልጅ ነህ" አሉ። "ማሽኑ ነው እንጂ።"

ደግሜ ነገርኳቸው። ደግመው ማሽኑ ነው አሉኝ፤ እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ሰኞ እመለሳለሁ ብለው በዝናቡ ወጡ። ማሳቸው ታርሶ፣ ለስልሶ ይጠብቃል። እኔ መስኮቱ ላይ ቆሜ የደጀንን መንገድ አያለሁ። ከዚህ አይታይም።